«ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ» ለምን አያስኬድም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ነው። ጅቡቲ ላለው ወኪላችን ‹ዘ ዶክዩመንትስ ዊል ቢ ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ› ብዬ ኢሜይል ላክሁ። ‹ከአርብ በኋላስ ምን ሊሆኑ ነው?› ብሎ መለሰልኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን አለቃዬ ሪፖርቴ ላይ ‹ዘ ትራክ ብሮክ ዳውን ኢን ኤ ሬይኒ ሞርኒንግ› ያልኩትን አይታ ‹ኢን›ን ሰርዛ ‹ኦን› አደረገችው። ስንማር ‹ኢን ዘ ሞርኒንግ› አልነበረም እንዴ? ቅጽል ሲገባ መስተዋድዱ የሚቀየረው በምን ሕግ ነው? የጊዜው ሐረግስ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት ነው የሚገባው?»

ወኪሉ ቀልዶብህ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። አለቃህም ልክ ናት። ሁለቱ እርማቶች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ሁላችንም ትምህርት ቤት «አት ለሰዓት፣ ኦን ለቀን፣ ኢን ለወርና ለዓመት» እየተባልን ነው ያደግነው። ሠንጠረዡ ውሸት የለበትም። ችግሩ መስተዋድዱን ከጊዜው ስም ጋር ብቻ ማጋባቱ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ግን አጠገቡ ያለው ቅጽልም ያገባዋል። የትኛው መስተዋድድ ይግባ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ቅጽሉ ነው።

እንግሊዝኛውን በፊደላችን የምጽፍልህ ድምፅህን አውጥተህ እንድታነበው ነው። የመስተዋድድ ስህተትን ዓይን ያልፈዋል፤ ጆሮ ግን ቶሎ ይይዘዋል።

ከ«አንቲል» እንጀምር። አማርኛ «እስከ» የምትል አንዲት ቃል አለችው። «እስከ አርብ ይደርሳል» እንላለን። «እስከ አርብ ክፍት ነው» ብለንም እንናገራለን። የመጀመሪያው አንድ ነገር አርብ ወይም ከአርብ በፊት እንደሚያልቅ ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሁኔታ ሳይቋረጥ እስከ አርብ እንደሚዘልቅ ይናገራል። እኛ ልዩነቱን ከቀሪው ቃል እንረዳዋለን፤ ግር የሚለው ሰው የለም። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ለመጀመሪያው «ባይ» ነው፣ ለሁለተኛው «አንቲል»።

አሁን ቅጽሉን ተመልከት። «ሬዲ» የሚደረስበት ሁኔታ ነው። ሰነዱ ዝግጁ አልነበረም፤ የሆነ ሰዓት ላይ ዝግጁ ሆነ። የሚያስፈልገው ያ ሰዓት ከመቼ እንደማያልፍ መናገር ነው፤ ስለዚህ «ሬዲ ባይ ፍራይዴይ»። «ኦፕን»፣ «ክሎዝድ»፣ «ቢዚ»፣ «ቫሊድ» ደግሞ የሚቆዩ ሁኔታዎች ናቸው። እነሱ ላይ የሚያስፈልገው መቼ እንደሚያበቁ መናገር ነው፤ ስለዚህ «ቢዚ አንቲል ፍራይዴይ»፣ «ቫሊድ አንቲል ዲሴምበር»። አንተ «ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ» ስትል ሰነዶቹ ዝግጁ ሆነው ይቆዩና አርብ ላይ ዝግጁነታቸው ያበቃል እንደማለት ነው። ወኪሉ የጠየቀህም ይህንኑ ነው።

ሁለቱንም መስተዋድድ የሚቀበሉ ቅጽሎች አሉ። እውነተኛው አደጋ ያለው እዚያ ነው። «ዘ ትራክ ኢዝ አቬይለብል አንቲል ፍራይዴይ» ካልክ መኪናው አሁን አለ፣ ከአርብ በኋላ ግን አታገኘውም። «ዘ ትራክ ዊል ቢ አቬይለብል ባይ ፍራይዴይ» ካልክ ደግሞ መኪናው አሁን የለም፣ ቢዘገይ ቢዘገይ አርብ ይገኛል። ሰዋስዋቸው ሁለቱም ልክ ነው። መልእክታቸው ግን ተገላቢጦሽ ነው። «ፍሪ»ም እንደዚሁ ናት፦ «ፍሪ አንቲል ስሪ» ያለህ ሰው ከዚያ ሰዓት በፊት ነው የሚያገኝህ፤ «ፍሪ ባይ ስሪ» ያለህ ከዚያ ሰዓት በኋላ። እንዲህ ያለውን ስህተት ኮምፒውተርህ ቀይ አያሰምርበትም። ዲመሬጅ፣ ማለትም ዕቃ ወይም መርከብ ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ ሲቆጠርብህ ነው የምታውቀው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምናልባት ያሳሳተህም እሱ ነው። «ዘ ዶክዩመንትስ ዎንት ቢ ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ይህ ልክ ነው። አሉታ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። አለመዘጋጀት ራሱ የሚቆይ ሁኔታ ነው፤ እስከ አርብ ይቆይና አርብ ላይ ያበቃል። ማለትም ሰነዶቹ ከአርብ በፊት አይደርሱም፣ አርብ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለወኪልህ ሁለት ምርጫ ነበረህ፦ «ሬዲ ባይ ፍራይዴይ» ወይም «ኖት ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ»። የመጀመሪያው ተስፋ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ቁርጡን ይነግራል።

«አንቲል ፍራይዴይ» አርብን ራሱን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ለወሬ አያስቸግርም። ለውል ግን ያጨቃጭቃል። አሜሪካኖች ጭቅጭቁን ለመዝጋት «ቫሊድ ስሩ ኦገስት 31» ይላሉ፤ የመጨረሻው ቀን ተጨምሯል ማለት ነው። እንግሊዞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀኑ ኋላ «ኢንክሉሲቭ» የምትል ቃል ይለጥፋሉ። ቀን የሚቆጠርበት ሥራ ላይ ስላለህ ከሁለቱ አንዱን ልመድ።

ከ«እስከ» ቀጥሎ የሚያሳስተን «ከ… ጀምሮ» ነው። «ቢሮው ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው» እንላለን፤ «ነው» የአሁን ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ዘ ኦፊስ ኢዝ ክሎዝድ ሲንስ መንዴይ» ይሆንብናል። «ሲንስ» ግን ከ«ኢዝ» ጋር በዚህ መልክ አይስማማም። ካለፈው ተነስቶ እስካሁን የሚደርስ ግስ ይፈልጋል፦ «ዘ ኦፊስ ሃዝ ቢን ክሎዝድ ሲንስ መንዴይ»። «ሂ ኢዝ ሲክ ሲንስ መንዴይ»ም አይሆንም፤ «ሂ ሃዝ ቢን ሲክ» በል። ሌላም አለ። አማርኛ «ከሰኞ ጀምሮ»ንም «ከሦስት ቀን ጀምሮ»ንም በአንድ ቃል ያስተናግዳል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። መነሻው የታወቀ ነጥብ ከሆነ «ሲንስ» ነው። ርዝመት ከሆነ «ፎር» ነው። «ሲንስ ስሪ ዴይስ» የሚባል ነገር የለም። ጀርመኖችም ቋንቋቸው ለሁለቱ አንድ ቃል ስላለው እዚሁ ላይ ይወድቃሉ፤ ብቻችንን አይደለንም።

«ፎር» ላይ አንዲት ረቂቅ ነገር አለች፣ እለፋት ብልህ ቅር ይለኛል። «ዘ ኦፊስ ኢዝ ክሎዝድ ፎር ቱ ዊክስ» ስህተት አይደለም። ትርጉሙ «ቢሮው ለሁለት ሳምንት ተዘግቷል» ነው፤ የመዘጋቱ ጠቅላላ ርዝመት ሁለት ሳምንት ነው፣ ቀድሞ ተወስኗል። «ዘ ኦፊስ ሃዝ ቢን ክሎዝድ ፎር ቱ ዊክስ» ግን «ቢሮው ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል» ነው፤ መቼ እንደሚከፈት የተባለ ነገር የለም። ቅጽሉ ያው፣ ሐረጉ ያው። ዕቃው ጉምሩክ የተያዘበት ደንበኛህ ግን በሁለቱ መካከል እንቅልፉን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ዝናባማው ጠዋት።

«ኢን ዘ ሞርኒንግ» ሲባል ጠዋት የቀን አንድ ክፍል ነው። የማክሰኞም የሐሙስም ሊሆን ይችላል። ቅጽል ጨምረህ «ኤ ሬይኒ ሞርኒንግ» ስትል ግን ስለ አንድ የተለየ ጠዋት ነው የምታወራው። መልክ አለው። ከሌሎች ጠዋቶች ተነጥሎ ይታያል። እንግሊዝኛ እንዲህ ተነጥሎ የወጣውን ጠዋት እንደ ቀን ይቆጥረዋል፤ ለቀን ደግሞ «ኦን» ነው። «ኦን ኤ ኮልድ ሞርኒንግ»፣ «ኦን ዘ ፎሎዊንግ አፍተርኑን»። ሌሊትም እንዲሁ ነው፦ ባዶውን «አት ናይት»፣ ቅጽል ሲገባ «ኦን ኤ ዳርክ ናይት»። ቅጽል ባይኖርም የቀን ስም ወይም ቀኑ ራሱ ከተጨመረ ያው ነው፦ «ኦን መንዴይ ሞርኒንግ»። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 1 ማርች 1896። ስለዚህ «ኦን ዘ ሞርኒንግ ኦፍ 1 ማርች 1896» እንላለን። «ኢን ዘ ሞርኒንግ ኦፍ» ብሎ ቀን መጥራት ጆሮ ይቆረቁራል።

ይህን ያወቀ ሰው ወዲያው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። «ኧርሊ»ም ቅጽል አይደል? ታዲያ «ኦን ዚ ኧርሊ ሞርኒንግ» ልበል ይላል። አይባልም። «ኢን ዚ ኧርሊ ሞርኒንግ»፣ «ኢን ዘ ሌት አፍተርኑን» ነው የሚባለው። ለምን? «ሬይኒ» ጠዋቱ ምን ዓይነት እንደነበር ይነግርሃል። «ኧርሊ» ግን ስለ ጠዋቱ ዓይነት ምንም አይልም። ከጠዋቱ የትኛው ክፍል እንደሆነ ቆርጦ ያሳያል እንጂ። የቀን ክፍል የነበረው አሁንም የቀን ክፍል ነው፤ ጠበብ አለ እንጂ አልተለየም። ስለዚህ «ኢን» ቦታውን አይለቅም። መስተዋድዱ ሲያምታታህ ቅጽሉን ጠይቀው። «ምን ዓይነት ጠዋት?» ለሚለው የሚመልስ ከሆነ «ኦን» አድርግ። «የጠዋቱ የትኛው ክፍል?» ለሚለው ከመለሰ «ኢን» ላይ ቆይ።

ወር ላይ ይህ ጣጣ የለም። ወር ቀን ስላልሆነ ምንም ቅጽል ብትጨምርበት «ኢን» ነው፦ «ኢን ኤ ሬይኒ ጁላይ»፣ «ኢን ሌት ጁላይ»። ከ«ኧርሊ»ና ከ«ሌት» በኋላ ወር ሲመጣ «ዘ» እንደማይገባ ብቻ ልብ በል።

«ኧርሊ ኢን ዘ ሞርኒንግ»ስ? እሱም አለ፤ ትርጉሙ ያው ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ «ኧርሊ» ከሐረጉ ወጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ሥራውም የተውሳከ ግስ ሆኗል። ከበር ላይ ሆኖ ግን ውስጥ ያለውን መስተዋድድ አይነካም። ውስጡ «ኢን» ከነበረ «ኢን»፣ «ኦን» ከነበረ «ኦን»፣ «አት» ከነበረ «አት»። «ኧርሊ ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «ኧርሊ ኦን ዘ ሞርኒንግ ኦፍ 1 ማርች»፣ «ሌት አት ናይት»። «ሌትሊ» የምትባለዋን ግን እዚህ እንዳታስገባት። «ሰሞኑን» ማለት ናት፤ ከማርፈድ ጋር ጉዳይ የላትም።

ስለ ማለዳ ካነሳን አይቀር፣ ሥራህ ከመርከብና ከአውሮፕላን ጋር ስለሆነ ይህችን ያዝ። የእኛ ቀን በንጋት ይጀምራል። የእነሱ ቀን በእኩለ ሌሊት ይገለበጣል። እኛ ጠዋት የምንለው ከ12 ሰዓት ወዲህ ነው፤ እነሱ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁሉ «ሞርኒንግ» ይሉታል። ስለዚህ «ዘ ሺፕ አራይቭስ ኢን ዚ ኧርሊ አወርስ ኦፍ ቱዝዴይ» ተብሎ ሲጻፍልህ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስህን በልተህ የምትደርስበት አይደለም። እኛ ሰኞ ሌሊት የምንለው ነው። ጥንት የተሰጠችን ጥሩ ቃል አለችን፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ»። ለ«ኧርሊ አወርስ» ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላውቅም። የአውሮፕላን ትኬት ላይ ማክሰኞ 00፡30 የሚል አይተው ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሆኖታል።

በዚያው ላይ የሰዓቱ የስድስት ልዩነት ይጨመራል። «ዊ አር ኦፕን ፍሮም ቱ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብለህ ብትጽፍ አንተ ጠዋት 2 ሰዓት ማለትህ ነው። ፈረንጁ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይረዳዋል፤ ምን ዓይነት ትጉ ሰዎች ናቸው ይልሃል። «ኦፕን ፍሮም ኤይት» በል።

«ኔክስት»፣ «ላስት»፣ «ዚስ»ና «ኤቭሪ» የጠባይ ጉዳይ አላቸው። ከጊዜ ስም በፊት ሲመጡ «አት»ን፣ «ኦን»ንና «ኢን»ን ያባርራሉ። «ኦን መንዴይ» ትክክል ነው፤ «ኦን ኔክስት መንዴይ» ግን የእኛ ቢሮዎች እንግሊዝኛ ነው። «ኔክስት መንዴይ» ብቻ ይበቃል። ሌሎቹን መስተዋድዶች ግን አይነኩም፦ «ባይ ኔክስት መንዴይ»፣ «አንቲል ኔክስት መንዴይ»፣ «ሲንስ ላስት ዊክ» ሁሉም ይባላሉ። «ዘ» ከ«ላስት» ፊት ከገባ ደግሞ የተባረረው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፦ «አት ዘ ላስት ሚኒት»፣ «ኢን ዘ ላስት ስሪ ይርስ»።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄህ ልምጣ። የት ይገባል?

አማርኛ ማብራሪያውን ሁሉ ከስሙ በፊት ይደረድራል። «እስከ ታኅሣሥ የሚያገለግል ፈቃድ» እንላለን፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛም ቅጽሉ ብቻውን ሲሆን ከስሙ በፊት ያስቀምጠዋል፦ «ኤ ቫሊድ ፐርሚት»። ቅጽሉ የጊዜ ሐረግ አስከትሎ ሲመጣ ግን ከነጓዙ ከስሙ በኋላ ይሄዳል። «ኤ ፐርሚት ቫሊድ አንቲል ዲሴምበር»፣ «ኢንቮይስስ ዲዩ ኢን ጁን»፣ «ትራክስ አቬይለብል ኦን መንዴይ»። «ኤ ቫሊድ አንቲል ዲሴምበር ፐርሚት» ብትል የእንግሊዝኛ ልብስ የለበሰ አማርኛ ነው። ቅጽሉን ከፊት ትቶ ጓዙን ብቻ ወደ ኋላ መላክም አያምርም፤ «ኤ ቫሊድ ፐርሚት አንቲል ዲሴምበር» ላይ ሐረጉ ባለቤቱን አጥቶ ይንሳፈፋል።

ባለቤት የምለው ነገር ዋናው ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ የጊዜ ሐረግ የስሙ፣ የቅጽሉ ወይም የመላው ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ይህን የሚነግርህ በቦታ ነው። «ዘ ሚቲንግ ኦን መንዴይ ዎዝ ሎንግ» ካልክ «የሰኞው ስብሰባ ረጅም ነበር» ነው፤ ሐረጉ የትኛው ስብሰባ እንደሆነ ይለያል። «ዘ ሚቲንግ ዎዝ ሎንግ ኦን መንዴይ» ግን «ሰኞ ዕለት ስብሰባው ረዘመ» ነው። ስብሰባው በየቀኑ ሊኖር ይችላል፤ የረዘመው ሰኞ ነው።

የመላው ዓረፍተ ነገር የሆነው ሐረግ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ያሸነፈው 10 ሴፕቴምበር 1960 ምሽት ላይ ነው። «አበበ ዎዝ ቤርፉት ኦን ዚ ኢቭኒንግ ኦፍ 10 ሴፕቴምበር 1960» ማለት ትችላለህ። ሐረጉን ወደ ፊት አምጥተህ «ኦን ዚ ኢቭኒንግ ኦፍ 10 ሴፕቴምበር 1960 አበበ ዎዝ ቤርፉት» ብትል ምንም አይጎድለውም። አሁን «ሂ ዎዝ ሌት ፎር ዘ ሚቲንግ»ን ሞክር። «ፎር ዘ ሚቲንግ ሂ ዎዝ ሌት» ሲሆን ያነክሳል። ይህ ሐረግ የ«ሌት» የራሱ ነው፤ ከቅጽሉ መራቅ አይወድም። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ቅጽሉ መጀመሪያ፣ የቅጽሉ የራሱ ሐረግ ቀጥሎ፣ የዓረፍተ ነገሩ ጊዜ መጨረሻ ነው፦ «ሂ ዎዝ ሌት ፎር ዘ ሚቲንግ ኦን መንዴይ»።

ይህ ቅደም ተከተል ልክ ሆኖም ሊያምታታ ይችላል። «ዊ ዌር ሬዲ ፎር ዚ ኢንስፔክሽን ኦን መንዴይ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሪፖርት ላይ ቢገጥምህ ምን ትረዳለህ? ሰኞ ዝግጁ ነበሩ? ወይስ ፍተሻው ሰኞ ነው? ሁለቱም ይሆናል። የቢሮ ጽሑፎችን ሳርም ከስህተት በላይ የሚያስቸግረኝ ይኸው ነው፤ ሰዋስዉ ልክ ስለሆነ ማንም አያየውም። ዝግጁ የነበራችሁት ሰኞ ከሆነ «ኦን መንዴይ»ን ወደ ፊት አምጣው። ፍተሻው ሰኞ ከሆነ «ሬዲ ፎር መንዴይስ ኢንስፔክሽን» በል።

ልኬት ሲሆን ደግሞ ሌላ ወግ አለ። «በአሥር ደቂቃ ዘገየ» እንላለን። በ«በ» ተታለን «ሌት ኢን ቴን ሚኒትስ» እንላለን፤ አይሆንም። «ሌት ባይ ቴን ሚኒትስ» ይሆናል፤ ከበድ ያለ ነው እንጂ ልክ ነው። በሰው አፍ ያለው ግን ያለ መስተዋድድ፣ ልኬቱን ከቅጽሉ በፊት ማድረግ ነው፦ «ቴን ሚኒትስ ሌት»፣ «ስሪ ዴይስ ኦቨርዲዩ»፣ «ቱ ዊክስ ኧርሊ»፣ «ፋይቭ ይርስ ኦልድ»። ይኸው ልኬት ከስም በፊት ገብቶ ራሱ ቅጽል ሲሆን የብዙ ቁጥር ምልክቷ «ስ» ትወድቃለች፣ ጭረትም ትገባለች፦ «ኤ ቱ-ዊክ ሊቭ»፣ «ኤ ቴን-ሚኒት ዲሌይ»። ሲቪ ላይ «ፋይቭ ይርስ ኤክስፒሪየንስ» ብሎ ያለ ምንም ምልክት መጻፍ የአገር ባህል ሆኗል። ከ«ይርስ» በኋላ አናት ላይ የምትሰቀለዋን ነጠላ ምልክት ጨምር፤ ወይም «ፋይቭ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» በል።

«ሌት»ን ከሰው ስም ወይም ከማዕረግ በፊት ከ«ዘ» ጋር እንዳታደርጋት አደራ። «ዘ ሌት ዳይሬክተር ዊል ጆይን አስ አት ስሪ» ብለህ ብትጽፍ ነፍሳቸውን ይማረውና ዳይሬክተሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀላቀሉናል ማለትህ ነው። ያረፈደ ሰው ላይ «ሌት» ሁልጊዜ ከግሱ በኋላ ትሁን፦ «ዘ ዳይሬክተር ዊል ቢ ሌት»።

«ኢን» «ከሁሉ የበለጠ» ከሚል አበላላጭ ቅጽል ጋር ሲመጣም ተመልከተው። በ2015 እና በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአገራችን ድርቅ በነበረ ጊዜ የውጭ ዜናዎች «ዘ ወርስት ድራውት ኢን ፊፍቲ ይርስ» ሲሉ ሰምተሃል። እዚህ «ኢን» ማለት ወደ ኋላ ሃምሳ ዓመት ብትቆጥር እንዲህ ያለ አልታየም ነው። ርዝመት ላለው ጊዜ «ኢን»፣ ሙሉ ሆኖ ለተዘጋ አንድ ጊዜ «ኦፍ» ነው፦ «ዘ ቢዚየስት መንዝ ኦፍ ዘ ይር»።

ሐረጉ ራሱ ቅጽል ሆኖ የሚያገለግልበትም አለ። «ኦን ታይም» በቀጠሮው ሰዓት ነው፤ «ኢን ታይም» ደግሞ ለአንድ ነገር ሳይረፍድ። «ዘ ትራክ ዎዝ ኦን ታይም፣ በት ኖት ኢን ታይም ፎር ዘ ሺፕ» ብትል መኪናው በተባለው ሰዓት ደርሷል፤ መርከቡ ግን ቀድሞ ሄዷል። ተጠያቂው ሹፌሩ ሳይሆን ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ነው።

የቀረችው «ኢን ቱ ዊክስ» ናት። እኛ «በሁለት ሳምንት ውስጥ» ስንል ከዚያ በፊትም ሊሆን ይችላል ማለታችን ነው። «ሬዲ ኢን ቱ ዊክስ» ግን ሁለት ሳምንት ሲሞላ ነው፤ ደንበኛው ከዚያ በፊት አይጠብቅህም። የእኛን «ውስጥ» በትክክል የሚይዘው «ዊዝን» ነው፦ «ሬዲ ዊዝን ቱ ዊክስ»። ሁለት ሳምንቱ ከመቼ እንደሚቆጠር ካልተጻፈ ይህም ያጨቃጭቃል፤ ስለዚህ ውል ላይ «ዊዝን ቱ ዊክስ ኦፍ ፔይመንት» ብለህ መነሻውን ጨምርበት።